የሙሽሮቹ መኪና ፍሪሲዮን

ስዩም የእህቱን እጮኛ ሔኖክን የጠላው ገና ፊቱን ሳያየው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ኑሀሚን ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፤ ስዩም ደግሞ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ። አዲስ አበባ፣ ቄራ አጠገብ ካለ ጋራዥ ገብቶ፣ መኪና ሥር ተጋድሞ ካምቢዮ እያወረደና እየሰቀለ ደብተሯንም ጫማዋንም የገዛላት እሱ ነው። በሱዳን በኩል ዞሮ ሜልበርን ከገባ በኋላም እናቱንና እህቱን እስኪያስመጣ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ታዲያ እህቱን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ በመጣ ቀን፣ በአባት ቦታ ተቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «መልካም፤ እስቲ ዘመድ እናማክርና ተመለሱ» የሚለው እሱ መሆኑን ለአፍታ እንኳን ተጠራጥሮ አያውቅም። ይህችን ንግግር ለዓመታት በሆዱ ሲለማመዳት ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የመጡት ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ስዩም ዌሪቢ ከሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ዘይት ነክሮ ሳለ ነው። ሦስት አዛውንት ኮሊንግዉድ ወዳለው የእናቱ ፎቅ በሊፍት ወጡ፤ እናቱ እትዬ ወለተሥላሴ ደስታው አቅላቸውን አሳታቸውና ወጉን ሁሉ ረስተው እዚያው «እሺ» አሉ፤ እልልታው ቀለጠ። ስዩም ወሬውን የሰማው ምሳውን ሊበላ ሲቀመጥ በስልክ ነው። የሔኖክ ጥፋት ይኸው ነው፤ የስዩም ሺፍት መቼ እንደሚያልቅ ሳይጠይቅ ሽማግሌ ላከ። ጥፋት አይደለም አይባልም። ግን ይቅርታ የማይሽረው ጥፋት አልነበረም፤ ሔኖክም ይቅርታ ጠየቀ። ስዩም ይቅርታውን ተቀበለ፤ ቂሙን ግን አስቀረው።

ከዚያ ወዲያ ሔኖክ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ያንገበግበው ጀመር። በስኮላርሺፕ መጥቶ ከተማ መሀል የኮምፒውተር ሥራ መያዙ ያናድደዋል። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ መታየቱ ያናድደዋል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ «ስዩሜ» ማለቱ ነው። ኑሀሚን እንኳን ከተወለደች ጀምሮ «ጋሽዬ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ይህ ትናንት የመጣ ልጅ ተነሥቶ «ስዩሜ»! ሔኖክ ያቀረበው መስሎት ነው። የስዩም ጆሮ ሲደርስ ግን ስድብ ሆኖ ይገባል።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የሜልበርን ጥር ደግሞ እንደኛ ጥር ነፋሻ አይደለም፤ አስፋልቱ ጫማ ሥር የሚላቆጥበት ወር ነው። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሔኖክ ሙሽሮቹ የሚሄዱበትን መኪና ይዞ ከፎቁ ሥር ቆመ። የራሱ መኪና ናት፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ አራት ሰው እየተጠጋጋ የሚቀመጥባት የአውሮፓ መኪና። በዕለቱ የሚነዳት አንደኛ ሚዜው ያቤጽ ነው። ያቤጽ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው እዚሁ ሜልበርን፣ በአውቶማቲክ ነው፤ በዕድሜው ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም።

«ሐሳብ አይግባህ» አለው ሔኖክ። «ይቺም አውቶማቲክ ናት። ይኸው፣ ያላት ሁለት ፔዳል ብቻ ነው።»

ስዩም በዚያች ሰዓት የለስላሳ ሣጥን ተሸክሞ ወደ ሊፍቱ እየሄደ ነበር። አልፎ ቢሄድ ምን ነበረበት? ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና በመኪናዋ መስኮት አጎነበሰ። በሹፌሩ ጎን አጠር ያለ የማርሽ ዘንግ አለ፤ ራሱ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተጽፎበታል። በአውቶማቲክ መኪና ላይ የሚታወቀው፣ ለማቆሚያ የሚሆነው ‹ፒ› የሚለው ፊደል ግን የለም።

«አውቶማቲክ አይደለችም» አለ።

«እንዴት አይደለችም? ፍሪሲዮን የላትም እኮ» አለ ያቤጽ።

«አላት። ያልተሰጠህ ፔዳሉ ነው።» ስዩም ቀና አለ። ስለ ካምቢዮ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ሰባኪ ይሆናል፤ ኩራቱም ያኔ ነው የሚታየው። «ስማኝ። ይቺን መኪና ሆዷን ብትከፍታት የምታገኘው የማንዋል ካምቢዮ ነው። ያው ጥርስ፣ ያው ዘንግ፣ ያው ፍሪሲዮን። የቀነሱልህ ግራ እግርህን ብቻ ነው። በግራ እግርህ ፋንታ የዘይት ፓምፕ አስቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ‹እርገጥ› ሲለው ይረግጣል፣ ‹ልቀቅ› ሲለው ይለቃል። ማርሹንም ቢሆን አንተ ፈልገህ አታስገባም። አንዴ ወደ ፊት ስትገፋው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ስትደግመው ወደ ሦስተኛ። ስትቀንስም እንደዚያው ወደ ኋላ እየሳብክ፣ አንድ በአንድ። እንደ ደረጃ ነው፤ መዝለል የለም። አልነካካም ካልክ ደግሞ መቀያየሩን ራሱ ይጨርሰዋል።»

«ታዲያ ሁሉን ኮምፒውተሩ ከሠራው እኔን ምን ቸገረኝ?»

ስዩም ሁለት መዳፎቹን ግጥም አድርጎ አሳየው። «ይህ ሞተሩ ነው፤ ይህ ካምቢዮው። መኪናዋ ስትሄድ እንዲህ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። ስትቆም ይላቀቃሉ። ስትነሣ ግን፣ ከመላቀቅ ወደ መጣበቅ ሲሄዱ» አለና መዳፎቹን እርስ በርስ ፈተጋቸው፤ «እንዲህ ይፋተጋሉ። ለቅጽበት ከሆነ ምንም አይደለም። እውነተኛው አውቶማቲክ መሀሉ ላይ ዘይት ስላለው ይችለዋል፤ የዚህች ግን የሚፋተገው ደረቅ የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ዳገት ላይ ፍሬን መያዝ ትተህ ነዳጅ እየሰጠህ ካቆምካት፣ ወይም በእግረኛ እርምጃ ካስኬድካት፣ ፍትጊያው አያቆምም። ሸራው ይነድዳል። ሲብስበት ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ማርሹን ይለቅብሃል፤ ያኔ እግዜር ይሁንህ።»

ሔኖክ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። «ስዩሜ፣ ይሄ እኮ የመርካቶ ሚኒባስ አይደለም! መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ ራሷን ትጠብቃለች።»

ያቤጽም ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ሠርግ የደረሰበት ሰው በሁሉም ነገር ይስቃል። ስዩም ግን ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ራሱ እስከ አናቱ ቀላ።

«አንብበኸዋል?» አለ። «ደግ። እንግዲህ ስትጨስ ደግመህ ታነበዋለህ።»

ከዚያ ወዲያ የተባባሉት አይጻፍም። የቅዳሜው የሽማግሌ ነገርም ተነሣ፤ «የጋራዥ ልጅ» የሚል ቃል ከአንዱ ወጣ፤ «አጭበርባሪ» የሚል ከሌላው ወጣ፤ ፎቁ ላይ ያሉት ቬትናማውያን ጎረቤቶች ሳይቀሩ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ነገሩን ያበረዱት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንኳን ሳያጣፉ ወርደው ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ወደ ሊፍቱ ጎተቱት። ቤት እንደገቡም ከሥዕለ አድኅኖው ፊት አቆሙት።

«ማል» አሉት።

«ምን ብዬ እማዬ?»

«ሠርጉ እስኪያልፍ ለሔኖክም ሆነ ለሚዜው ክፉ ቃል ከአፌ ላይወጣ፣ በማርያም በል።»

«በማርያም» አለ ስዩም፣ ዓይኑን ከሥዕሉ ላይ አሸሽቶ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሏል። እናቱ የከለከሉት ክፉ ቃል ነው። እሱ ግን ከቤት ሳይወጣ መሐላውን በሆዱ ለራሱ እንደሚመቸው አድርጎ አዞረው። አፌን ዝጋ ተብያለሁ፤ እዘጋለሁ፤ የመጣው ይምጣ አለ።

ኑሀሚን እስከ መኪናው ሸኘችው። እጇ በሂና ደምቆ ጣቶቿን ዘርግታ ነበር የምትሄደው። ከሊፍቱ ሲወጡ አስቆመችው።

«ጋሽዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። መኪናዋ መንገድ ላይ ትቀራለች?»

«በወጉ ከነዷት ምንም አትሆን።»

«ያቤጽ ግን አይችልም፤ አይደል?» ስዩም የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ተወው፤ ለነሱ አትንገር። ይስቁብሃል፣ ትናደዳለህ። ክፉ ነገር ካየህ ለኔ ደውልልኝ። ስልኬ ከእጄ አይለይም፤ ሙሽራ ብሆንም ይዤው ነው የምውለው። አንተ ‹ቁሙ› ካልክ ሔኖክ ወደደም ጠላም አስቆማታለሁ።»

«እሺ» አላት።

ይህኛውን አልማለበትም፤ እሺ ብቻ ነው ያለው። በነሱ ቤት ግን የስዩም እሺ ከመሐላ አንሶ አያውቅም። ከካርቱም ሆኖ «አስመጣችኋለሁ» ብሎ አስመጥቷል፤ «ትማሪያለሽ» ብሏት ተምራለች። ኑሀሚን በዓለም ላይ ሳትፈትሽ የምትደገፈው ግድግዳ ቢኖር ይህ እሺ ነው፤ ምክንያቱም ይወድቃል ብላ አስባ አታውቅም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተደረሰ፤ ከሰዓት በፊት ሔኖክ ሙሽራዋን ሊወስድ መጣ፤ ሴቶቹ በሩን ይዘው አናስገባም አሉ፤ ሚዜዎቹ ተለማመጡ፤ ገቡ። የቀረው ከወንዝ ማዶ ካለው ስተድሊ ፓርክ ሄዶ ፎቶ መነሣት ነው። ለዚህ ደግሞ መንገዱን የሚመራ፣ ቪዲዮ አንሺውን የሚሸከም መኪና ያስፈልጋል።

ቪዲዮ አንሺው ሱሌይማን ነው። ከፍሌሚንግተን እስከ ዌሪቢ ያልቀረጸው የሀበሻ ሠርግ የለም፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም። ሙሽሮች በሱ ትእዛዝ ነው የሚሳሙት። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ረጅም መኪና ይመረጣል፣ ሱሌይማን ከኋላ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ በሩ እንደተከፈተ መኪናው ሰው ከሚራመደው ባልበለጠ ፍጥነት ይሄዳል፣ የሙሽሮቹ መኪና ከኋላ ይከተላል። የአገሩ ፖሊስ ቢያይ በአንድ ቀን ሦስት ክስ ያገኝበታል። አዲስ አበባ የለመድነውን ግን ባሕር ተሻግረን ስንመጣ ሻንጣችን ውስጥ አስገብተነዋል፤ ያላጀበ፣ ያላዘገመ፣ ክላክስ ያላስጮኸ ሠርግ ሠርግ አይመስለንም።

ረጅም መኪና ያለው ስዩም ነው። እትዬ ወለተሥላሴም «የሙሽራዋ ወንድም ይምራ፤ ክብር ነው» አሉ፤ ልጃቸውን ያስታረቁ መስሏቸው። ሱሌይማን ካሜራውን ይዞ ከኋላ ተመቻቸ። የድምፅ መቅጃውን ነፋስ እንዳይበላሽበት ብሎ በረጅም ገመድ ወደ ውስጥ አስገብቶ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሰካው። ስዩም ሲሰካው አይቷል። አይቶም ረስቶታል።

ጆንስተን ስትሪት ላይ ወጡ። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ከኋላ ቀይዋ መኪና ጣሪያዋን ከፍታ፣ በአበባ ተጥለቅልቃ ትከተላለች፤ ያቤጽ ጥቁር መነጽር አድርጎ እንደ ሚኒስትር ሹፌር ደረቱን ነፍቷል፤ ሙሽሮቹ ከኋላው ተቀምጠዋል። ከነሱ በስተኋላ የሴት ሚዜዎቹ ሚኒባስ፣ ከዚያ የዘመድ አዝማድ መኪና። ሁሉም ክላክሱን ያንባርቃል። መንገድ የተዘጋባቸው ፈረንጆችም በንዴት ያንባርቃሉ፤ የኛ ሰዎች እንኳን ደስ አላችሁ የተባሉ መስሏቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ያመሰግኗቸዋል።

«ቀስ በል!» ይላል ሱሌይማን። «ቀስ! የሙሽራዋ ፊት ይውጣልኝ!»

ስዩም ቀስ አለ። በመስታወቱ ቀይዋን መኪና አየ። ቀድሞ እንዳለው ነው፤ ያቤጽ የሚያዘግማት ነዳጁን በትንሹ ረግጦ ይዞ ነው፤ ንቅንቅ፣ ንቅንቅ እያለች ትመጣለች። ፍሪሲዮኗ አንዴም ሙሉ በሙሉ አልተጣበቀም። ድልድዩን ተሻገሩ። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ፓርኩ ያለው ከዳገቱ በላይ ነው።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሽታው መጣ። የኋላ በሩ ክፍት ስለሆነ በቀጥታ ነው የገባው፤ ፀጉር ከጎማ ጋር የተቃጠለ የሚመስል፣ ለሃያ ዓመት አፍንጫው ውስጥ የኖረ ሽታ። ለሌላው ሰው ሽታ ነው፤ ለስዩም ግን ሙሉ ንግግር ነው። ሸራው እየጋየ ነው፤ አሁን ቢቆሙ፣ ጥላ ሥር አስጠግተው ቢያበርዷት ትተርፋለች፤ ዳገቱን እንዲህ ከወጡ አትተርፍም።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለ ሱሌይማን ከኋላ።

«ባርቤኪው ነው» አለ ስዩም። «ፓርኩ ቀርቧል፤ ሥጋ እየጠበሱ ነው።»

በዚያች ቅጽበት ኑሀሚን ከቀይዋ መኪና ውስጥ እጇን ከፍ አደረገች። ስልኳን ይዛለች። በሌላ እጇ ስልኩን እየጠቆመች፣ ቅንድቧን ወደ ላይ አንሥታ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን የወንድሟን ዓይን ፈለገች። ሽታው እሷም ጋ ደርሶ ነበር። ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው።

የስዩም ስልክ ጭኑ አጠገብ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ቁሙ። ግን ሔኖክ ከጎኗ ጥርሱን አውጥቶ ሲስቅ አየው። ቅዳሜውም መጣበት፣ ያልተቀመጠበት የአባት ወንበርም መጣበት፣ «መመሪያውን አንብቤዋለሁ»ም መጣበት። እጁን በመስኮት አወጣና አውራ ጣቱን ቀሰረላት። ምንም የለም፤ ኑ።

ኑሀሚን ፈገግ ብላ ስልኳን አስቀመጠች።

ስዩም ፍጥነቱን የባሰ ቀነሰ። ዳገቱ መሀል ላይ፣ ከፊቱ መኪና ሳይኖር፣ መብራት ሳያግደው፣ ፍሬኑን ይዞ ቆመ። ሱሌይማን ለሱ ብሎ የቆመ መስሎት «ጎበዝ! እንደሱ!» አለ። ከኋላ ያቤጽም ቆመ፤ ግን ፍሬን አልያዘም፤ ነዳጅ እየሰጠ በፍሪሲዮኗ ነው ያንጠለጠላት። ሞተሯ እያጓራ ባለችበት ትንቀጠቀጣለች። ከሥሯ ቀጭን ጢስ ወጣ። ከመሪው በስተጀርባ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ያቤጽ ግን በዚያ ሁሉ ክላክስ መሀል የቱን ከየቱ ይለየው?

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስዩም ራሱ የተመለጠበትን ቀን እንዳላወቀው ሁሉ ይህንንም አላወቀውም። በመስታወቱ ጢሱን እያየ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ ጥርሱን ነክሶ ተናገረ።

«ንደድ! ንደድ! እስቲ አሁን መመሪያህን አንብብ! ይበልህ!»

ከዚያ ቀይዋ መኪና ማርሿን ለቀቀች። ኮምፒውተሩ ራሱን ሊጠብቅ ዜሮ አስገባው፤ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፤ መኪናዋም በመስታወቱ ውስጥ ማነስ ጀመረች። ስዩም ለአንድ የልብ ምት ያህል አልገባውም። የኑሀሚን ነጭ ቬሎ እየራቀ ነው። ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ነው። ያቤጽ ደንግጦ የባሰ ነዳጁን ረገጠው፤ ማርሽ የሌለው ሞተር ምን ያደርጋል፣ ጩኸቱ ብቻ ጨመረ። የሴት ሚዜዎቹ ሚኒባስ ከኋላቸው ቀርቧል፤ ውስጡ ያሉት መጮኽ ጀምረዋል። የእጅ ፍሬኑን የሳበው ሔኖክ ነው፤ ከኋላ ወንበር ተወርውሮ፣ ደረቱ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላትሞ፣ በሁለት እጁ ሳበው። መኪናዋ ከሚኒባሱ አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ስዩም እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ሮጦ በሩን ከፍቶ እህቱን በጢሱ መሀል አቅፎ አወጣት። እሷ ትንቀጠቀጣለች፤ እሱ ከሷ የባሰ ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ እውነተኛ ነበር። እዚያው ላይ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ግን ሰው ሁሉ ከበበውና አመሰገነው። ሙሽሮቹን በራሱ መኪና አሳፍሮ ፓርኩ አደረሰ፣ ከዚያም አዳራሹ። «ስዩም ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር» ያለው ያቤጽ ነው። ሔኖክም አዳራሹ በር ላይ ለብቻው ጠራው፤ ሳቁ የለም።

«ጋሼ ስዩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው፣ አንቱ ብሎ። «ነግረውን ነበር፤ አልሰማንም። የቅዳሜውንም አሁን ነው በደንብ የገባኝ።»

ስዩም ለዓመታት የጠበቃት ወንበር ይህች ናት። ተቀመጠባት። «ምንም አይደል ልጄ» አለ፤ ጫንቃውን መታ መታ አደረገው። ያን ቀን እስክስታ ሲወርድ ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ኑሀሚን በጭፈራው መሀል መጥታ ጉንጩን ሳመችውና «ጋሽዬ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» ስትለው ብቻ እስክስታውን አቆመ። ቢራውን አንሥቶ እስከ ሥሩ ጨለጠው።

የመልሱ ዕለት የሙሽራው ወገን እትዬ ወለተሥላሴ ቤት ተሰበሰበ። ወንበር አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ተበልቶ እንዳለቀ እንግዳው ሁሉ ቪዲዮው ይታይ አለ። ሱሌይማን ገና አልቆረጥኩትም፣ ሙዚቃም አልገባበትም ቢል ማን ይሰማዋል? ካሜራውን ከነገመዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው።

ሳቁ ሌላ ነበር። ቅዳሴ ላይ ያንቀላፋ ታየ፤ በር ላይ የተጋፋ ታየ። ጆንስተን ስትሪት ሲመጣ ስዩም ደልቶት ተደገፈ። ካሜራው ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ የሱ ፊት የለበትም።

ድምፁ ግን ነበረበት።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለ የሱሌይማን ድምፅ።

«ባርቤኪው ነው» አለ የስዩም ድምፅ፤ ከሁሉም ጎልቶ፣ ከጆሮ ሥር እንደሚናገር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሔኖክም ሳቀ። ስዩም ያኔ ነው የወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰካው ነገር ትዝ ያለው። «በቃ፣ ይሄ ይታለፍ» ብሎ ተነሣ፤ በሳቁ መሀል የሰማው የለም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ኑሀሚን ስልኳን ከፍ አደረገች። ጠየቀች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ፈገግ ብላ አስቀመጠችው።

ምንጣፉ ላይ የተቀመጠችው ኑሀሚን ይህን ስታይ ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ገና አልገባትም ነበር፤ ብቻ አውራ ጣቱ ትዝ ብሏት ነው። ጢሱ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ።

«ንደድ! ንደድ! እስቲ አሁን መመሪያህን አንብብ! ይበልህ!»

የሚስቅ ጠፋ። ቀይዋ መኪና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ የሙሽራዋ አፍ ለጩኸት ተከፈተ። ሱሌይማን ዘሎ ካሜራውን አጠፋው። ያቤጽ መሬት መሬቱን ያያል። ሔኖክ የላላ ክራቫቱን በጣቱ እየጠቀለለ ይፈታል።

እትዬ ወለተሥላሴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት።

«በማርያም ያስማልኩትን አፍህን» አሉት፣ «ለዚህ ነው የከፈትከው?»

«እማዬ፣ እኔ... ለሱ ነው ያልኩት። ለሔኖክ ነው። ለሷ አይደለም፤ ለሷ...» ስዩም ወደ እህቱ ዞረ። ልክ እንደዚያን ቀን አዳራሽ ውስጥ «ጋሽዬ» ብላ ብታቋርጠው ሁሉን ይናገር ነበር፤ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር።

ኑሀሚን ተነሥታ ቆመች። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። መጀመሪያ ከእጇ ያልለየችውን ስልክ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ስዩም» አለችው፣ በስሙ። «እኔም እኮ እዚያች መኪና ውስጥ ነበርኩ።»